የኮምቦልቻው ሰውዬ ግድግዳ

«መንገዱ እንዴት ነበር አክስቴ? የኩታበሩ ሚኒባስ ዛሬም በግና ሰው ቀላቅሎ ጭኗል? ... እንኳን በደህና ገቡ። ያመጡት ምስር ምን ያማረ ነው። ጠጠር ቢኖርበት እንኳ ጠጠርነቱን አይደብቅም፤ ገና ሳይነኩት ‹እኔ ጠጠር ነኝ› ይላል። ሰውም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?»

ራሂማ ይህን የምትናገረው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው። ለሚያውቃት ሰው እንግዳ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ኬሚስትሪ የምታስተምራቸው ልጆች «ቲቸር፣ ከኋላ አይሰማም» ማለት ሰልችቷቸው የፊት ወንበር ለመያዝ መሽቀዳደም ለምደዋል። ሰው በዛ ባለበት ስሟ ሲጠራ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ የምትስብ፣ በሠርግ ቤት ከእናቷ ጀርባ የምትቀመጥ ሴት ናት። የምትጮኸው ከአንድ ሰው ጋር ስታወራ ብቻ ነው፤ ከአክስቷ ከነጂባ ጋር። የአክስት ነጂባ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ ካልጮኹላቸው አይሰሙም፣ ሲጮኹላቸውም ግማሹን ነው የሚሰሙት። ቀሪውን በፈገግታ ያሟሉታል።

ሁለቱ ሴቶች የጓዳው በር ደፍ ላይ ሰፌድ አስቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከደፉ ወዲያ ሳሎኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሼህ ጀማሉዲንና የአጥር ጎረቤታቸው ጋሽ ብሩ ለሽምግልና ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የራሂማ እናት ወይዘሮ ሐዋ አሉ። ፊት ለፊታቸው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ሙንዚር ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹን የጠራው እሱ ነው። ጉዳዩ ይህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው አሮጌ ቤት ነው። ሙንዚር የእናቱን ጉልበት ይዞ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እማዬ፣ የአባባ ቆርቆሮ በስብሷል። ይሄን ክረምት አይችልም። ይፍረስና አንቺ ከእኔ ፎቅ ኋላ ያለችው ክፍል ግቢ» ብሏል። እናትየው እሺ ሊሉ ከንፈራቸው ተላቆ ነበር፤ ግን ቸኩሎ መናገር አይወዱም፤ «አዛን እስኪል ላስብበት» አሉ። የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲል መልስ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ለስምምነቱ ማጽኛ ፋቲሃ ይቀራል፤ ፋቲሃ የተቀራበት ነገር ደግሞ አይመለስም።

ራሂማ ከበጋ ጀምሮ የቀበረችው ነገር ነበራት። ልትነግረው ብላ የሙንዚርን በር ብዙ ጊዜ አንኳኩታለች። በሩ ሲከፈት «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃ፣ ሕፃኑን ስማ ትመለሳለች። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ያስተማራትም እሱ ነው። አፍ የሰጣትን ሰው በምን አፍ ትናገረው? አሁን ግን አዛኑ ሊደርስ ነው። ከሰፌዱ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ ቀጠለች።

«እኔማ ደህና ነኝ አክስቴ። ኮምቦልቻም ደህና ናት፣ ሙቀቷ እንዳለ ነው። የሐረጎን መንገድ ቁልቁል ስንወርድ ጃኬት እናወልቃለን፣ ሽቅብ ስንመለስ እንለብሳለን፤ ኑሯችን እንዲያ ነው። ... ይልቅ አንድ ሰውዬ አለ አሉ፤ እዚያው ኮምቦልቻ። ደሴማ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይበቅላል? ብርዱ መች ያበስለዋል? የኮምቦልቻ ሰው ነው።

«እናቱን ሲወድ ለጉድ ነው። ሌላው ሰው እናቱን ሲወድ ምን ያደርጋል? በጁምዓ ይጠይቃታል፣ ለዒድ ቀሚስ ይገዛላታል፤ በቃ፣ ፍቅሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ይሄኛው ግን ፎቁን አምጥቶ ከቤቷ ጋር አጣበቀው። በመካከል እጅ አያስገባም። ናፍቆት እኮ ነው አክስቴ ... ሌላ ምን ይሆናል? ግድግዳው ከጣሪያዋ በላይ ወጥቶ ቆመላት፤ እንደ ዘበኛ። ጠዋት ጠዋት የምትገባላት ፀሐይ ነበረች። እሷንም ከላይዋ ላይ አነሣላት። ፀሐይ ለእርጅና ቆዳ አይስማማም ብሎ ይሆናል፤ ማን ያውቃል፣ የተማረ ሰው ነው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይሉ የለ? ዘመዱም ጎረቤቱም አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚሻል ግን የተረተ የለም።»

ጋሽ ብሩ የያዙትን ከዘራ ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዞሩ። ሙንዚር ስልኩን አወጣ። አክስት ነጂባ «የኮምቦልቻ» የምትለውን ብቻ ስለ ሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርስዎ እንግዲህ በሣር ቤት ስላደጉ ይሄ ነገር አይገጥምዎትም። ቆርቆሮ ከሱ ከፍ ካለ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ መሀላቸው ክፍተት ይቀራል። ውሃ ደግሞ እንደ ነገረኛ ሰው ነው፣ ክፍተት ይወዳል። ለዚያ መድኃኒት አለው፤ ፍላሺንግ ይሉታል። ሌላ አይደለም፣ የታጠፈ ላሜራ ነው። የታችኛው ጠርዝ በቆርቆሮው ላይ ይተኛል። የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ግድግዳው ጣት በማያስገባ ስፋት ይፈለፈልለትና እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በሲሚንቶ ይደፈናል። ከግድግዳው የወረደው ውሃ ላሜራው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ፣ ከዚያ አሸንዳው ውስጥ። በሰላም ይሄዳል፤ ማንንም ሳይቀሰቅስ።

«ግን ግድግዳው ትንሽ መቆረጥ አለበት። ሳይቆረጥ አይሆንም። ቆራጩም ያው ባለ ግድግዳው ነው፤ በሁሉም አገር ወጉ እንዲያ ነው። ጣሪያው ቀድሞ የነበረ ነው፣ ግድግዳው ዘግይቶ የመጣ። ዘግይቶ የመጣ ሰው መቀመጫ ሲፈልግ እንኳ ‹ጠጋ በሉልኝ› ይላል እንጂ የተቀመጠ ሰው ላይ አይቀመጥም። ...

«ሠራተኛው መሰላል ላይ ወጥቶ መፈልፈል ጀመረ አሉ። ሰውየው ከታች ደረሰና ‹ቀለሙን› አለ። ልክ ነው፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። የወተት ስልባቦት የሚመስል ቀለም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ የሚያየው። እናቱን ግን ማን ያያታል? ቤት ውስጥ ናት። እና ምን አለ መሰለዎት? ‹ግድግዳዬን እንዳትነካ። ላሜራውን ለጥፍና በምስማር ምታው፣ ጠርዙን ሬንጅ ቀባው፤ ይበቃል።› ይበቃል አለ። ለእናቱ የሚበቃትን የሚያውቅ ልጅ መውለድ እንዴት ያለ ዕድል ነው። ... እንዲያ ሲል በመስኮት ሆኜ ... በመስኮት ሆኖ ያየ ሰው ነው የነገረኝ።

«ሬንጁ አንድ ክረምት ያዘ። ምን ይደረግ፣ ሬንጅም እንደ ሰው ቃል ነው፤ እርጥብ ሳለ ሁሉን ይይዛል። በጋው ሲጠብሰው ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲያ ከጦሳ በኩል በነፋስ የሚመጣው ዝናብ ፎቁን ይመታና በግድግዳው ይወርዳል፣ ከላሜራው ኋላ ይገባል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ የእናትየው ትራስ ላይ። ... ጦሳ አልኩ እንዴ? ጦሳስ የእኛው ነው፤ የኮምቦልቻውን ተራራ ስም ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። አንድ ተራራ አላቸው እነሱም።»

ሼህ ጀማሉዲን የሚቆጥሩበት ሙስበሃ ቆመ። ወይዘሮ ሐዋ ልጃቸውን ተመለከቱ፤ ጓዳ ያለችውን እንጂ ሳሎን ያለውን አይደለም። ራሂማ ይህን አላየችም። ከሰፌዱ ዘልሎ መሬት የወደቀውን ምስር እየለቀመች ነበር።

«ያንን ቆርቆሮ በገዛ እጁ ያለበሰው የሰውየው አባት ነው። ሞቷል፣ አላህ ይርሐመው። ሙት ጥሩ ጠባይ አለው አክስቴ፣ የጫኑበትን ሁሉ ይሸከማል። ‹የአባባ ቆርቆሮ በስብሷል› አለ ልጁ። ልጅ የአባቱን ስም ያስጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ይሄኛው ለጠብታው ሳፋ በተደቀነ ቁጥር ያስጠራዋል።

«እናትየውም አመነች። ቤቱ ባሏን እያሰበ የሚያለቅስ መሰላት እንጂ ሌላ ነገር ልቧ ውስጥ አልገባም። አልጋዋን አንዴ ወደ በር፣ አንዴ ወደ ጥግ ትገፋለች። ያ ልጇ አንድ ቀን ዣንጥላ ይዞ ገብቶ ጠይቋት ሄደ ... ብቻ ዣንጥላውን እዚያው ረስቶላት ሄደ፤ ደግ ነው አላልኩዎትም? እሷም እርጥብ ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ ብላ ትመርቀዋለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ ይሄኛው ውሃ እያስመረቀ ነው የወሰዳት።

«ለመሆኑ ጆሮዎ እንዴት ነው? ይሰማዎታል? ... ጎሽ። ለሚሰማ ሰው ማውራት እንዴት ደስ ይላል።

«እዚያ ቤት አንዲት ሴት ልጅ አለች አሉ። ዓይን አፋር ናት፣ ሰው ፊት አትጎርስም። ግን ተምራለች። ማን አስተማራት? ያው እሱ ነው፣ ወንድሟ። በዚህስ አይታማም። ያጠፋው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ የተማረ ሰው ይጠይቃላ። እና በበጋ፣ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጥርት ባለበት ቀን፣ ልጅቷ ቀይ ሥር ቀቀለች። የደሴ ዙሪያ ... የዚያ የኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬ ያመጣው፣ ደም የመሰለ ቀይ ሥር። ውሃውን በጆግ ይዛ ቀሚሷን ሰብስባ መሰላል ላይ ወጣች። ይታይዎት እንግዲህ፤ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ የምታፍር ሴት፣ ሰፈሩ ሁሉ እያያት ጣሪያ ላይ።

«መጀመሪያ የአባቷ ቆርቆሮ ላይ አፈሰሰችው። በየምስማሩ፣ በየመገጣጠሚያው። ወርዳ ውስጡን አየች፤ ደረቅ ነው። እንደ አባቷ ቃል ደረቅ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ተመልሳ ወጣችና ከላሜራው በላይ፣ ያ የተከበረው ግድግዳ ላይ አፈሰሰችው። ... እግሯ መሬት ሳይነካ ቀዩ ውሃ በእናቷ ትራስ በኩል ሲወርድ ደረሰ። እናትየው ከሶላት ተነሥታ አይታው ‹ደም ነው› አለች። ልጅቷም ‹ቀይ ሥር ተደፍቶብኝ ነው› አለች። አልዋሸችም። የት እንደ ደፋችው ግን አልተናገረችም። ጠረገችው፤ ኖራ ግድግዳ ደግሞ የጠጣውን አይተፋም። ጥልፍ መጋረጃ ሰቀለችበትና ዝም አለች። ያ መጋረጃ እስከ ዛሬ እዚያው እንደ ተሰቀለ ነው ይባላል ... ገለጥ ያደረገው ሰው የለም።

«ለምን ዝም አለች ይሉኝ ይሆናል። አፍራ ነው። በራስ ማፈር ቀላል ነው አክስቴ፤ በሌላ ሰው ማፈር ግን ከባድ ነው። ባለቤቱ ራሱ ቢያፍር ሸክሙ ለሁለት ይሆን ነበር። እሱ ካላፈረ ሙሉውን ተሸክማ ሐረጎን የምትወጣው፣ ሐረጎን የምትወርደው እሷ ናት።»

በሳሎኑ ውስጥ ወይዘሮ ሐዋ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ተነሡ። ሙንዚር አብሮ ሊነሣ ቃጣና ሼህ ጀማሉዲን ሲያዩት መልሶ ተቀመጠ። እናትየው መኝታ ክፍላቸው ገቡ። የመጋረጃው ቀለበት በዘንጉ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ።

ራሂማ ማቆም ትችል ነበር። ግን ሙንዚር ስልኩን ወደ ኪሱ ከትቶ ለጋሽ ብሩ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤቱ ግን ዞሮ ዞሮ አሮጌ ነው» ሲል ሰማችው፤ እሱን ስትሰማ ድምፅዋ ራሱ ወጣ።

«ሰውየው አሁን ደግሞ ምን አሰበ መሰለዎት? ‹ይፍረስ› አለ። እውነቱን ነው። ግድግዳን ጣት ከሚያክል ቦታ ከመቁረጥ ቤት ሙሉ ማፍረስ ይቀላል። ቁስለኛው ከሌለ ቁስሉስ የት ይታያል? ለእናቱም ከፎቁ ኋላ ክፍል አዘጋጅቶላታል፤ ለቤት ሠራተኛ ተብላ የተሠራች ጥሩ ክፍል። ሠራተኛዋ መስኮት የላትም ብላ አልገባም ስላለች ባዶዋን ነበረች። እናት ግን እንደ ሠራተኛ ቀበጥ አይደለችም፤ መስኮት አትጠይቅም። አሮጌው ቤት የነበረበት ቦታ ላይ መኪናው ይቆማል። መኪና ብርድ አይችልም አክስቴ። እናት ትችላለች።

«እና ‹ባልሽ ያለበሰው ቆርቆሮ ነው የጎዳሽ› ብሎ በባሏ አስቀይሞ፣ እጇን ይዞ ከቤቷ ያስወጣታል። ከዚያ ሰው ሁሉ ምን ይላል? ‹እናቱን ግቢው አስገብቶ የሚጦር ልጅ› ይላል። ይላል እንጂ። ለወሬ የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ግድግዳ ኋላ ገብቶ የሚያይ ማን አለ?»

ወይዘሮ ሐዋ ከመኝታ ክፍሉ ወጡ። ሽማግሌዎቹ መካከል ያለው ቦታቸው ባዶ ነበር፤ ወደዚያ አልሄዱም። ሙንዚር በተቀመጠበት በኩል ሲያልፉ ዓይናቸውን ወደ እሱ አላዞሩም። ጓዳው ደፍ ላይ መጥተው፣ በራሂማና በነጂባ መካከል ቀስ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ወደ ሰፌዱ ሰደዱ። አንድ ጠጠር አገኙ። በጣታቸው ይዘው ጥቂት አዩትና ወደ ደጅ ወረወሩት።

አዛኑ ያን ጊዜ አለ። ሁሉም አዳመጠ። መልስ የሚጠበቅበት ሰዓት ነበር፤ ሼህ ጀማሉዲን ወደ ወይዘሮ ሐዋ ተመለከቱ። ወይዘሮ ሐዋ ምስር መልቀማቸውን ቀጠሉ። ሼህ ጀማሉዲን ጥያቄውን ሳያነሡት ተዉት።

አዛን ሲያበቃ የሚደረግ ዱአ አይመለስም ይባላል፤ ራሂማም ይህን ታውቃለች። በዚያ ቤት ደግሞ፣ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ፣ ዱአ ሲደረግ መዳፉን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። ጋሽ ብሩ እንኳ፣ በአንገታቸው ማተብ እያለ፣ ከጎረቤታቸው ጋር መዳፋቸውን ሲዘረጉ ነው የኖሩት። ራሂማ ዓይኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰፌዱ አነሣች። ግን ወደ አክስቷ ነው ያየችው።

«አዛን አለ አክስቴ። እጅዎን ይዘርጉ። ... ለዚያ ለኮምቦልቻው ሰውዬ ዱአ እናድርግለት፤ ብዙ አማነው፣ ሐጢአት ይሆንብናል።»

አክስት ነጂባ ዱአ የሚለውን ሰምተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ወይዘሮ ሐዋ ዘረጉ። ሼህ ጀማሉዲን ዘረጉ፣ ጋሽ ብሩም ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ዘረጉ። ሙንዚር ዙሪያውን አየ። ቤቱ ሁሉ መዳፍ ሆኗል። የእሱም እጆች፣ ከልጅነት ልማድ ይሁን ከእፍረት፣ ቀስ እያሉ ከጉልበቱ ላይ ተነሡ።

ራሂማ አሁን አልጮኸችም። የክፍል ውስጥ ድምፅዋ፣ ያ ከኋላ የማይሰማው፣ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሁሉም ሰማው።

«ወንድ ልጅ ተወልዶለታል፣ ገና ጡት አልጣለም። አላህ ያሳድግለት። ልጁ ቁርጥ አባቱን ይምሰል፤ መልኩ ብቻ ሳይሆን ልቡም። ተምሮ ትልቅ ሰው ይሁንለት። ሩቅ አገርም አይሂድበት፤ እዚሁ ከጎኑ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግቶ ይሥራ፣ ከአባቱም ቤት አስበልጦ፣ ከፍ አድርጎ ይሥራ። ለሰውየውም ረጅም ዕድሜ ይስጠው ... በልጁ ግድግዳ ሥር ተኝቶ የሚያረጅበት ዕድሜ። ያን ጊዜ እሱ እናቱን እንደ ጦራት፣ ልጁም እሱን እንደዚያው ይጡረው። አንዲት ጠብታ ሳያጎድልበት። ... አሚን በሉ እንጂ።»